ግሮሰሪው ሰፈር ውስጥ ሲሆን

አክስቴ አዲስ አበባ፣ ሰባ ደረጃ አካባቢ ግሮሰሪ ነበራት። ስድስት ጠረጴዛ፣ አንድ ፍሪጅ፣ አንድ ትልቅ ስፒከር። ማታ ማታ ካሽ ላይ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ ምሽት የግድግዳ ጎረቤታችን ነጠላቸውን ተከናንበው መጡ። እማማ ነበር የምንላቸው። አልተቆጡም። "ነይማ ልጄ፣ አንዴ ቤቴ ግቢልኝ" አሏት አክስቴን። ሁለታችንም ተከትለናቸው ገባን። አልጋቸው ጫፍ ላይ አስቀመጡን። ኮመዲኖው ላይ ውሃ የተሞላ ብርጭቆ አለ። "እሱን እዩት" አሉ።

ውሃው ይርገበገባል። ዱም ባለ ቁጥር ክብ ክብ እየሠራ ይርገበገባል። የዘፈኑ ግጥም አይሰማም። ዘፋኙ ማን እንደሆነም አይለይም። የሚሰማው ዱም ዱሙ ነው፤ እሱም በአልጋው እግር በኩል ወገብ ድረስ ይመጣል። እማማ እንዲህ ሆነው ስንት ወር እንደተኙ ስታስበው አክስቴ አንገቷን ደፋች።

ይህ ሥራ ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ማታ ነው። ፈቃድ ስታወጡ የምትጠየቁት በአብዛኛው ስለ ቤቱ ውስጥ ነው። ጎረቤት የሚኖረው ግን ከግድግዳው ማዶና ከበሩ ውጭ ካለው ነገር ጋር ነው። ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ ከጎረቤት ጋር የሚጣላው በዚህ ክፍተት ነው። ይህን የምጽፈው አራዳ፣ ልደታ፣ ቂርቆስ ውስጥ ቤት ከቤት ተጣብቆ በሚኖርበት ሰፈር ግሮሰሪ ወይም ባርና ሬስቶራንት ላላችሁ፣ ለመክፈት ላሰባችሁ፣ ደግሞም ከጎኑ ለምትኖሩ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱን እንጨርስ። የንግድ ምዝገባ አለ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አለ፣ ብቃት ማረጋገጫ አለ፣ ከዚያ ንግድ ፈቃዱ ይመጣል። ለብቃት ማረጋገጫው ባለሙያ መጥቶ ቤቱን ያያል፦ ሽንት ቤቱን፣ የዕቃ ማጠቢያውን፣ ውሃውን፣ የሠራተኞቹን የጤና ምርመራ። ንግድ ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ የእድሳት ጊዜው ከሐምሌ 1 ይጀምራል። ፈቃዱም የዋጋ ዝርዝሩም በግልጽ በሚታይ ቦታ ይሰቀላሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ለተወሰነ ሥራና ለተወሰነ አድራሻ ነው። በግሮሰሪ ፈቃድ ዲጄ አምጥቶ ናይት ክለብ መሥራት አይቻልም። ጓሮውን በሸራ ሸፍናችሁ ሃያ ወንበር ከደረደራችሁ፣ ባለሙያው ያየው ቤትና አሁን የምትሠሩበት ቤት አንድ አይደሉም። ኮንዶሚኒየም ሥር ሱቅ የምትከራዩ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ጨምሩ። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የሚባል አለ፤ የነዋሪዎቹ ማኅበርም የራሱ መተዳደሪያ ደንብ አለው። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ደንቡን ጠይቃችሁ አንብቡት። ፍሪጁና ባንኮኒው ከገባ በኋላ መጣላት ለሁሉም ኪሳራ ነው።

አሁን ወደ ብርጭቆው እንመለስ።

የድምፅ መጠን የሚለካው በዴሲቤል ነው፤ የአገራችን የድምፅ ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55 ዴሲቤል፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ይላል። ለንግድ አካባቢ 65 እና 55 ነው። ሌሊት የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ይህን ልብ በሉ። ለባር ሰው 3 ሰዓት ማለት ገና ቤቱ መሙላት የጀመረበት ሰዓት ነው። ለደረጃው ግን ሌሊቱ ገብቷል።

45 ዴሲቤል ስንት ነው? ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲጨዋወት ድምፁ 60 ገደማ ነው። ዘፈን ደምቆ ሰው በጆሮ ጠጋ እያለ የሚያወራበት ቤት ውስጥ 90 እና ከዚያ በላይ መድረስ የተለመደ ነው። ደግሞ ዴሲቤል እንደ ኪሎ አይቆጠርም። 10 በተጨመረ ቁጥር የድምፁ ጉልበት አሥር እጥፍ ያድጋል፤ ለጆሯችን ደግሞ እጥፍ የሆነ ያህል ይሰማል። ይህ ለእናንተ ጥሩ ዜና ነው። ከ90 ወደ 80 ስታወርዱት ደንበኛው ዘፈኑን አሁንም በደንብ ይሰማል፤ ግድግዳውን የሚመታው ጉልበት ግን ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል።

የዱም ዱሙ ነገር የራሱ ምክንያት አለው። ቀጭን ድምፅ ግድግዳ ሲያገኝ አብዛኛው ተመትቶ ይመለሳል። ወፍራሙ፣ ቤዝ የምንለው፣ ሌላ ነው። የአንዱ ሞገድ ርዝመት ሰባት ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ከክፍሉ ይረዝማል። እሱ ግድግዳውን ራሱን ያነቃንቀዋል። የተነቃነቀው ግድግዳ በጎረቤት በኩል እንደ ስፒከር ይሆናል። የዘፈኑ ቃል ሳይሰማ ምቱ ብቻ የሚሰማው ለዚህ ነው። የእንቁላል ካርቶን ወይም ስፖንጅ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ቤዝን አያቆምም። የቤቱን ውስጥ ማስተጋባት ትንሽ ይቀንስ ይሆናል፣ ለጎረቤት ግን ምንም አይረባም። ስለ እሱ በእሳቱ ጉዳይ እመለስበታለሁ፤ ከማይረባም የባሰ ነው።

አክስቴ ያደረገችው ይህን ነው። ስፒከሩ እማማ ግድግዳ ላይ በብረት ተሰቅሎ ነበር። አወረደችው። ወደ ማዶ ወስዳ፣ ከጥግ አርቃ፣ ከአሮጌ የመኪና ጎማ በተቆረጠ ወፍራም ላስቲክ ላይ አስቀመጠችው። ጥግ ላይ ያለ ስፒከር ቤዙ ይጨምራል፣ ወለል ላይ በቀጥታ የተቀመጠ ደግሞ መሬቱን ያንቀጠቅጣል። የወንበሮቹን እግር ሁሉ ላስቲክ አስገባችበት። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ቤዙን ታች ማድረግ ሕግ ሆነ። የድምፅ ማስተካከያዋ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፈችና በእስክሪብቶ መስመር አሰመረች። ከመስመሩ ማለፍ የለም፤ እኔም ብሆን፣ ልደቱን የሚያከብር ደንበኛም ቢሆን።

ግን አሁንም ይሰማ ነበር። ግንበኛ መጥቶ ኮርኒሱን ሲከፍት ነው ነገሩ የታየው። እንደ ብዙ የቆዩ የአራዳ ቤቶች ግድግዳው ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ያልቃል። ከላይ የቆርቆሮው ጣራ ለሁለቱም ቤት አንድ ነው። ድምፁ ግድግዳውን መብሳት ሳያስፈልገው በላዩ ተሻግሮ እማማ ቤት ይወርድ ነበር። እስከ ቆርቆሮው ድረስ አስዘጋችው። ከስፒከሩ ቦታ ቀጥሎ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይህ ነው። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ በሩን "ቤቱ ይድመቅ" ብላችሁ በርግዳችሁ ከተዋችሁት ግን ልፋቱ ከንቱ ነው። ቦታ ካላችሁ በርና በር መሀል ትንሽ መተላለፊያ ሥሩ፤ አንዱ ሲከፈት ሌላው እንዲዘጋ።

ወደ መጠጡ እንምጣ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ብዙ ሰው 18 ይመስለዋል። 21 ነው። መታወቂያ ስትጠይቁ ደግሞ የዘመን አቆጣጠሩን እዩ። በ2018 ዓ.ም. አንድ ልጅ የልደት ዓመቱ 1998 የሚል ነገር ቢያሳያችሁ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ገና 20 አካባቢ ነው፤ በፈረንጆቹ ከሆነ 27 ገደማ ነው። ሰው በሞላበት ሰዓት፣ መብራቱ ደብዘዝ ባለበት፣ ይህ በቀላሉ ያልፋል። እኔንም አልፎኛል። ከዚያ ወዲህ "የእኛ ነው የፈረንጅ?" ብዬ ሳልጠይቅ አልቀዳም ነበር። ይኸው አዋጅ ሰው በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስንም ይከለክላል፤ ውጭ የሚያጨስ ሰውም ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር መራቅ አለበት። ለእኛ ሰፈር 10 ሜትር ማለት ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው በር ነው። ስለዚህ አጫሹ የት እንደሚቆም ባለቤቱ አስቀድሞ ያስብበት። እማማ መስኮት ሥር እንዳይሆን።

ስንት መጠጥ ስንት ነው የሚለውን ሒሳብ አስተናጋጅ ሁሉ ቢያውቀው እወዳለሁ። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው ጠርሙስ ቢራ ውስጥ 13 ግራም ገደማ ንጹህ አልኮል አለ። ጉበት በሰዓት የሚያጠራው በአማካይ ከ7 እስከ 10 ግራም ነው። ስለዚህ አንዷ ቢራ ከሰውነት ለመውጣት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሁለት ሰዓትም ትፈጃለች። 40 በመቶ አልኮል ያለው ጠንካራ መጠጥ በ40 ሚሊ ሊትር መለኪያ ሲቀዳም ያው ከአንድ ቢራ ጋር ይቀራረባል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት የጠጣ ሰው ቢያንስ ለቀጣዮቹ ሦስት አራት ሰዓታት አልኮሉ ደሙ ውስጥ አለ። ቡና፣ ሎሚ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ፊት ላይ፣ እነዚህ ያነቁት ይሆናል እንጂ አልኮሉን አያወጡም። ምግብ ግን ይረዳል። ጥብስ ወይም ሽሮ በልቶ የሚጠጣ ሰው አልኮሉ ቀስ እያለ ነው የሚገባው። ለዚህ ነው ማታ ወጥ ቤቱን ቀድሞ መዝጋት ጥሩ የማይሆነው።

በእኛ ቤት ባዶ ጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ ይቆይ ነበር፤ ሂሳብ የሚቆጠረው በሱ ስለሆነ። አክስቴ ግን ለሌላም ትቆጥረው ነበር። ችግሩ የሚጀምረው ግብዣ ሲመጣ ነው። "ለነዚያ በእኔ ድገሚላቸው" ሲባል ተጋባዡ እምቢ ማለት ይከብደዋል። አንዱ ይጋብዛል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ማንም ያላሰበው አራተኛ ዙር ይመጣል። ያን ጊዜ ግብዣውን በለስላሳ ወይም በውሃ መቀየር ይቻላል። "በለስላሳ ላድርግልህ?" ቢሉት እፎይ የሚል ሰው ብዙ ነው።

ይብቃህ ማለት ደግሞ የራሱ ዘዴ አለው። አንድ የረጅም ጊዜ ደንበኛ ነበሩን፣ ጋሼ የምንላቸው፣ መኪና የሚነዱ። አንድ ማታ ከወንበራቸው ሲነሱ ጠረጴዛውን ያዙ። አክስቴ "ሰክረዋል" አላለቻቸውም። ሰው ፊት እንደዚያ ከተባሉ ነገሩ ወደ ክብር ይዞራል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይመልሳቸውም። አጠገባቸው ሄዳ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ጋሼ፣ መኪናዋን እኛው በር ላይ ዘበኛው ያያታል። ራይድ ልጥራልዎት፣ ጠዋት መጥተው ይወስዷታል" አለቻቸው። ትንሽ አንገራገሩ። "ሂሳቡንም ነገ" ስትላቸው ቁልፉን ሰጧት። እምቢ ካሉስ? እምቢ ካሉ አይቀዳም፣ አለቀ። መንገድ ላይ ለሚሆነው ነገር "ጠየቀኝ ሸጥኩለት" የሚለው መልስ ለሟች ቤተሰብ አይሆንም።

አንድ ሰው ተኝቶ አልነቃ ካለ "ይተኛ፣ ይለቀዋል" አትበሉ። በጀርባው ተኝቶ ከተመለሰበት ሊያንቀው ይችላል። በጎኑ አስተኙት፣ ብቻውን አትተዉት። ተጠርቶም ተነቅንቆም ካልነቃ ወይም አተነፋፈሱ ከተዛባ አምቡላንስ ጥሩ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

መጠጡ ከየት እንደመጣም ማወቅ ግዴታ ነው። በርካሽ የሚቀርብ፣ ደረሰኝ የሌለው ውስኪ ወይም ጂን አትግዙ። ያለቀውን የውጭ መጠጥ ጠርሙስ እንዳለ ለቁራሌው መሸጥም አይመከርም፤ ጠርሙሱ ሌላ ነገር ተሞልቶበት መመለስ ይችላል። መለያውን ቅደዱት፣ ክዳኑን ለዩት። አስፈሪው ሜታኖል የሚባለው መርዛማ የአልኮል ዓይነት ነው። በቀለምም በጠረንም ከተለመደው አልኮል አይለይም። ምልክቱም ብዙ ጊዜ የሚታየው ከተጠጣ 12 ሰዓታት ያህል ካለፉ በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ነው፦ ዓይን ብዥ ማለት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የትንፋሽ መፍጠን። ሰው ሀንጎቨር ነው ብሎ ቤቱ ይተኛል። ማየት የተሳነው ወይም ዓይኑ የደበዘዘበት ጠጪ ወዲያው ሆስፒታል መሄድ አለበት። በጊዜ ከደረሰ ሕክምና አለው።

አሁን እሳት። ስፖንጁን እዚህ አምጡት። እ.ኤ.አ. ጥር 27 ቀን 2013 ብራዚል ውስጥ ሳንታ ማሪያ በምትባል ከተማ ኪስ የተባለ ናይት ክለብ ተቃጥሎ 242 ሰው ሞተ። መድረክ ላይ የተለኮሰ ርችት ጣራው ላይ ድምፅ ለመከላከል የተለጠፈውን ስፖንጅ ያዘው። ስፖንጁ ሲቃጠል የሚያወጣው ጭስ መርዝ ነው፤ ሳያናይድ አለው። ብዙዎቹን የገደላቸው ጭሱ ነው። መውጫው አንድ ነበር። ለጎረቤት ብላችሁ ስፖንጅ የለጠፋችሁ ካላችሁ፣ ዛሬ አውርዱት። ልደት ሲከበር ኬክና ጠርሙስ ላይ የሚለኮሰውን ብልጭልጭም ተዉት።

በእኛ ሰፈር የማየው ሌላው ነገር የጓሮ በር ነው። በቁልፍ ተቆልፎ ቁልፉ ባለቤቱ ኪስ ውስጥ ይሆናል፣ ሰው ሂሳብ ሳይከፍል እንዳይወጣ ተብሎ። ሰው ባለበት ሰዓት ሁለተኛው በር ከውስጥ ያለ ቁልፍ መከፈት አለበት፣ ወደ ውጭ ቢከፈት ይመረጣል፣ ፊቱ የቢራ ሳጥን አይደረደርበትም። መብራት ሲጠፋ ሻማ ከመለኮስ በባትሪ የሚሠራ መብራት ይሻላል። ፍሪጅ፣ ድራፍት ማሽንና ስፒከር በአንድ ማከፋፈያ አይሰኩ። የእሳት ማጥፊያው የት እንዳለና ፒኑ እንዴት እንደሚነቀል አስተናጋጆቹ ሁሉ አንድ ጊዜ በእጃቸው ይሞክሩት። ቁጥሩ 939 ነው፣ ካሽ ጀርባ በትልቁ ይጻፍ። መኪናው ሲመጣ ደግሞ መግባት አለበት። ደንበኞቻችሁ ቅያሱን በመኪና ከዘጉት የሚቃጠለው የእናንተ ቤት ብቻ አይሆንም።

አንድ የማያስቡት ነገር አለ። ድምፅ እንዳይወጣ ቤቱን ስትዘጉ አየሩንም ትዘጋላችሁ። ከሰል ላይ ቡና የምታፈሉ፣ ሥጋ የምትጠብሱ ከሆነ የከሰሉ ጋዝ ሽታ የለውም። መጀመሪያ ራስ ያሳምማል፣ ያደክማል። ሰው መጠጡ ነው ይላል። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፣ አየር ማውጫ ቱቦ ይኑር፣ የቱቦው አፍ ደግሞ ወደ ጎረቤት መስኮት አይዙር።

ስለ ሠራተኞቹ አጭር ልበል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅም፣ ነፍሰ ጡር ሴትም እንዳይሠሩ ይከለክላል። በዚያ ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት ክፍያው የመደበኛው አንድ ከሦስት አራተኛ ነው። አስተናጋጅን የሚጎትት፣ የሚነካካ ደንበኛ ምንም ያህል ቢያወጣ ይወጣል። ይህን ባለቤቱ ራሱ ካላደረገው ልጅቷ ብቻዋን ልታደርገው አትችልም። ሌሊት ስትወጣ ደግሞ በምን ትሄዳለች? ትራንስፖርቷ የደመወዟ ያህል ሊታሰብበት ይገባል።

ጠብ፣ ጩኸት፣ ሽንት፣ ጥሩንባ፣ አብዛኛው የሰፈር ሮሮ የሚመጣው ከመዝጊያው ሰዓት ነው። ሁሉም ሰው አንድ ላይ ሲወጣ፣ ዘፈን ሲሰማ የቆየ ጆሮ ደንዝዞ እየጮኸ ሲያወራ። ስለዚህ በአንድ ጊዜ አትዝጉ። ከመዝጊያው ግማሽ ሰዓት በፊት ዘፈኑን አለስልሱ፣ መብራቱን ከፍ አድርጉ፣ "የመጨረሻ ትእዛዝ" በሉ፣ ሂሳብ አምጡ። ውሃ በነጻ አቅርቡ። ሰው ሁለት ሦስት እየሆነ ይወጣል። ራይዱን ውስጥ ሆኖ ይጠብቅ። ሽንት ቤታችሁ እስከ መጨረሻው ደቂቃ ክፍት ይሁን፣ ብርሃን ይኑረው፣ ንጹሕ ይሁን። ሽንት ቤቱ ከተቆለፈ የጎረቤት አጥር ነው የሚከፍለው። ባዶ ጠርሙስ ሌሊት ሳጥን ውስጥ አትወርውሩ፤ ያ ኳኳታ ሕፃን ያስነሳል። ጠዋት ይሰብሰብ። ደጁም ልጆች ትምህርት ቤት ከመውጣታቸው በፊት ይጠረግ፣ በተለይ ስባሪው። ጠብ ከተነሳ ተጣዪዎቹን ወደ ደጅ ገፍቶ በር መዝጋት ጠቡን ለሰፈሩ ማስረከብ ነው። ለያዩዋቸው፣ በተለያየ ሰዓት አስወጧቸው፣ ካልሆነ 991 ደውሉ።

ከጎን ለምትኖሩ ደግሞ አንድ ነገር። መጀመሪያ ባለቤቱን አናግሩ፣ ቀን ላይ፣ ቤቱ ባዶ በሆነበት ሰዓት። ካልሰማ ቀኑንና ሰዓቱን እየመዘገባችሁ ወደ ወረዳው፣ ወደ ደንብ ማስከበር ወይም ወደ አካባቢ ጥበቃ ውሰዱት። "ሁልጊዜ ይረብሻል" ከሚል አቤቱታ "ሐሙስ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ 7" የሚለው ይደመጣል።

አክስቴ ዕድሩ ውስጥ ገባች። ሰፈር ውስጥ ልቅሶ ሲሆን ድንኳን እኛው በር ፊት ይተከል ነበር፤ እስከ ሠልስት ድረስ ስፒከሩ አይከፈትም፣ ወንበራችንም ወደ ድንኳኑ ይሄዳል። የሷን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋ ለዙሪያው ዘጠኝ ቤት አደለች። "ደንብ ከመጥራታችሁ በፊት እኔን ጥሩኝ" ብላ። መጀመሪያ ላይ በሳምንት ሦስት አራቴ ይደወል ነበር። እየቆየ ቀነሰ።

አንድ አርብ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ስልኩ ጠራ። እኔ አነሳሁት። "ልጄ፣ ዱም ዱሟ መጣች" አሉ እማማ። ዞር ብዬ ሳይ አንድ ደንበኛ ዘፈን ልቀይር ብሎ ማስተካከያው ጋ ቆሟል። መስመሩን አልፏል። ተነስቼ ፕላስተሩ ላይ መለስኩት። "አሁንስ እማማ?" አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ብርጭቆውን እያዩ መሰለኝ።

"ቆሟል" አሉ።